የተጣመሙ ጣቶች፥ የቀና ሥራ

አንድ ቀን የትምህርቱ ሰዓት አልቆ፥ ተማሪዎቹ ሁሉ ከወጡ በኋላ ሰሌዳውን በምናጠፋበት ጊዜ፥ አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ከበሩ ላይ ተመልሶ መጣና፥ «መምህር፥ የዓይን ሐኪም ለመሆን ስንት ዓመት ያስተምራሉ?» ሲል ጠየቀን። እኛም ልጁ ከወዲሁ የወደፊት ሙያውን የመረጠ መስሎን ደስ እያለን፥ በመጀመሪያ የጠቅላላውን ሕክምና ትምህርት ብዙ ዓመት፥ ከዚያም በኋላ የዓይንን ሕክምና ለብቻው ሌላ ተጨማሪ ዓመታት መማር እንደሚያስፈልግ ገለጽንለት። ልጁ ግን በመልሳችን አልረካም። አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ከቈየ በኋላ እንዲህ አለን፤

«የጠየቅሁት ለራሴ አይደለም፤ ለአያቴ ነው። ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል። ሐኪም ቤት ወስደናቸው በቀዶ ሕክምና ሊድኑ እንደሚችሉ ተነግሮን ነበር። እሳቸው ግን፥ ማን እንደ ሆነ፥ ምን እንደ ተማረ፥ ስንት ዓይን እንደ ሠራ ለማላውቀው ሰው ዓይኔን ለስለት አልሰጥም ብለው ወደ ቤት ተመለሱ።»

የእኚህ እናት ቃል የሚነቀፍ ሆኖ አላገኘነውም። ቤት የሚያሠራ ሰው እንኳ የግንበኛውን ሙያ ሳይጠይቅ መሠረት አያስቈፍርም። ልጁን ለትምህርት የሚሰጥ አባትም የመምህሩን ጠባይና ዕውቀት አስቀድሞ ከጎረቤት ይመረምራል። ታዲያ ከአካል ሁሉ የረቀቀውን ዓይኑን በሌላ ሰው እጅ ላይ የሚጥል ሰው፥ «ይህ እጅ ከየት መጣ? ማን አሠለጠነው? ምን ፈተናስ አለፈ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ያስደንቃል? የሚያሳዝነው መጠየቁ አይደለም፤ ጠይቆ የሚመልስለት ሰው በማጣቱ በጨለማ ተቀምጦ መቅረቱ ነው።

በዚህ ነገር እኛም ዕዳ አለብን። በልጅነታችን ዳዊት ያስደገሙን የኔታ፥ በእርጅናቸው ወራት ዓይናቸው እየፈዘዘ ሄዶ፥ በመጨረሻ የመጽሐፉን ቀይ ቀለም ከጥቍሩ መለየት ተሳናቸው። በብሌናቸው ላይ ነጭ ነገር ይታይ ነበር። በዘመናዊ ትምህርት ቤት ተምረናል የምንለው እኛ ተማሪዎቻቸው ግን፥ «የእርጅና ነገር ነው» ብለን፥ እጃቸውን ይዘን ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን መምራታችንን እንደ ትልቅ ውለታ ቈጠርነው። አንድ ቀን እንኳ ወደ ዓይን ሐኪም አልወሰድናቸውም። በቃላቸው የያዙትን እየደገሙ፥ መጽሐፋቸውን ግን ዳግመኛ ሳያዩት ዐረፉ። ያ ነጭ ነገር በቀዶ ሕክምና የሚወገድ ሞራ ሊሆን ይችል እንደ ነበረ የተረዳነው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ የልጁ ጥያቄ በእኛ ላይ ሁለተኛ ጊዜ እንዳያልፍ፥ የአንድ የዓይን ሐኪም ሙያ ከምን ከምን እንደሚሠራ ለአንባብያን ልንጽፍ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ሞራ ምንድር ነው?

በዓይናችን ውስጥ፥ ከብሌኑ በስተኋላ፥ የምስር ቅርጽ ያለው፥ እንደ ጥሩ መስተዋት የጠራና ብርሃንን የሚሰበስብ ትንሽ አካል አለ፤ ስሙም ሌንስ ይባላል። ይህ አካል ጥሩ ሆኖ ሳለ ብርሃን ያለ ዕንቅፋት ያልፍበታል። ዕድሜ ሲገፋ፥ አንዳንድ ጊዜም ዓይን በመቍሰሉ ወይም በስኳር በሽታ ምክንያት፥ የእንቍላል ውሃ በእሳት ሲበስል እንደሚነጣ ሁሉ፥ ሌንሱ ጥቂት በጥቂት እየደፈረሰ ይሄዳል። የዓይን ሞራ የምንለው ይህ ነው። ሞራ ከውጭ በዓይን ላይ የበቀለ ቆዳ አይደለም፤ ስለዚህም በጠብታም ሆነ በቅጠል ጭማቂ ሊገፈፍ አይችልም። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሐኪሙ ዓይኑን በመድኃኒት አደንዝዞ፥ በጠባብ ቀዳዳ የደፈረሰውን ሌንስ ያወጣና በምትኩ ሰው የሠራውን የጠራ ሌንስ ያስገባል።

ይህ ሰው ሠራሽ ሌንስ የተገኘበት መንገድ ራሱ የማስተዋልን ዋጋ የሚያስተምር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ተሰብሮ ፍንጣሪው በዓይናቸው ውስጥ የገባባቸው አብራሪዎች ነበሩ። ሃሮልድ ሪድሊ የተባሉ እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም እነዚህን አብራሪዎች ሲመረምሩ፥ ያ የፕላስቲክ ስብርባሪ በዓይን ውስጥ ተቀምጦ ዓይኑን እንደማያስቈጣው አስተዋሉ። ከዚህም ተነሥተው በ1949 ዓ.ም. በለንደን ከተማ በሴንት ቶማስ ሆስፒታል የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሌንስ በሰው ዓይን ውስጥ አኖሩ። ይህ ሥራ በዓለም ላይ እስኪስፋፋ ድረስ ግን ብዙ ዓመታት ዐልፈዋል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሞራው የወጣለት ሰው እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር ከማድረግ በቀር ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፥ ከመቶ ሰዎች 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውራን ሆነው ሲገኙ፥ ከእነዚሁም መካከል ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በሞራ ምክንያት ነበር። ይህ ማለት በየሰፈሩ በግድግዳ ሥር ፀሐይ ከሚሞቁት ዓይነ ስውራን አባቶችና እናቶች ብዙዎቹ፥ እንደ የኔታችን፥ ሊመለስ በሚችል ጨለማ ውስጥ የተቀመጡ ናቸው ማለት ነው።

በአሸዋ ላይ የተጻፈ ፊደል

አሁን ወደ አያቲቱ ጥያቄ እንመለስ። «ይህ እጅ ከየት መጣ?» ለሚለው መልስ ይሆን ዘንድ ሕይወታቸው በይፋ የታወቀውን፥ የሕንዱን ሐኪም የዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚን ታሪክ መርጠናል። የመረጥናቸውም ከሐኪሞች ሁሉ የተለዩ ዕድለኛ ስለ ነበሩ አይደለም፤ ይልቁንም ለዚህ ሥራ ሊሆን አይችልም በተባለ እጅ ሥራውን ስለ ፈጸሙት ነው።

ዶክተር ቬንካታስዋሚ በጥቅምት 1 ቀን 1918 ዓ.ም. በደቡብ ሕንድ፥ በታሚል ናዱ ክፍል፥ በአንዲት የገጠር መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ፤ ለወላጆቻቸውም የበኵር ልጅ ነበሩ። በተማሩበት የመንደር ትምህርት ቤት ወረቀትና እርሳስ ስላልነበረ፥ ልጆቹ ፊደልን የሚጽፉት ከወንዝ ዳር በመጣ አሸዋ ላይ ነበር። በአሸዋ ላይ የተጻፈ ነገር በእጅ ሲዳብሱት ይጠፋል፤ ተማሪው በልቡ ያልያዘው እንደ ሆነ ምንም አይቀርለትም። በየቄስ ትምህርት ቤቱ መጽሐፍ በማጣት በቃል ማጥናትን የለመዱ የእኛ አገር ሰዎች ይህን ዓይነት ትምህርት በሚገባ ያውቁታል።

በልጅነታቸው ሦስት የአጎትና የአክስት ልጆች የሆኑ ሴቶች በእርግዝና ምክንያት በመጣ ሕመም ሞቱባቸው። በአካባቢው ሊረዳቸው የሚችል ሐኪም አልነበረም። ሐኪም ለመሆን፥ ይልቁንም የሚወልዱ እናቶችን ለመርዳት ቍርጥ ሐሳብ ያደረጉት በዚያን ጊዜ ነው። ማዱራይ በምትባለው ከተማ ኮሌጅ ገብተው የኬሚስትሪ ትምህርት ከፈጸሙ በኋላ፥ በማድራስ ከተማ በስታንሊ የሕክምና ኮሌጅ ተምረው በ1944 ዓ.ም. በሐኪምነት ተመረቁ። ከዚያም በሕንድ ጦር ሠራዊት ውስጥ የሐኪምነት አገልግሎት ጀመሩ። እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ የአንድ ትጉህ ተማሪ ታሪክ ነው።

የተዘጋው በርና የተከፈተው በር

ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው ግን ብርቱ የመገጣጠሚያ በሽታ ያዛቸው። በሽታው አካላቸውን አሳብጦ ከአንድ ዓመት በላይ የአልጋ ቍራኛ አደረጋቸው፤ በ1948 ዓ.ም. ከጦር ሠራዊቱ ተሰናበቱ። ከሕመማቸው አገግመው ሲነሡም የእጃቸው ጣቶች ለዘለቄታው ተጣምመው ነበር። ብዕር መያዝ እንኳ ተስኗቸው ነበርና፥ ምጥ የያዛትን እናት ማዋለድ የሚጠይቀው ጕልበትና ረጅም ቁመት ከእንግዲህ የማይቻል ሆነ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያለሙት በር ተዘጋባቸው።

በዚህ ጊዜ ሕክምናን እርግፍ አድርገው ቢተዉ ማንም የሚፈርድባቸው አልነበረም። እሳቸው ግን ወደ ትምህርት ገበታ ተመልሰው የዓይንን ሕክምና ማጥናት ጀመሩ። አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን እስኪ አስተውለው። ከሕክምና ሥራ ሁሉ የእጅ ርቀትን የሚጠይቀው የዓይን ቀዶ ሕክምና ነው፤ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ስሕተት ብርሃንን ሊያጠፋ ይችላል። ጣቶቹ የተጣመሙ ሰው ይህን ሥራ መረጠ ሲባል ዕብደት ይመስላል። ዶክተር ቬንካታስዋሚ ግን ለጣቶቻቸው የሚስማማ መሣሪያ አሠርተው፥ ስለቱን እንዴት እንደሚይዙት ደጋግመው ራሳቸውን አለማመዱ። በ1951 ዓ.ም. የዓይን ሕክምና ትምህርታቸውን ፈጸሙ። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ በማዱራይ የመንግሥት የሕክምና ኮሌጅ የዓይን ክፍል ኀላፊ ሆነው ተሾሙ፤ በዚያም ኻያ ዓመት ያህል አገለገሉ።

ልምምዳቸው የት እንዳደረሳቸው ቍጥሩ ይመስክር። በአንድ ቀን እስከ መቶ የሚደርሱ ዓይኖችን የሚሠሩበት ጊዜ ነበር፤ በዕድሜያቸውም ሙሉ በገዛ እጃቸው የሠሯቸው ዓይኖች ከ100,000 በላይ እንደ ሆኑ ተመዝግቧል። ሕመሙም ቢሆን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ድረስ አልለቀቃቸውም።

በእነዚህ ዓመታት ሌላ ነገርም አስተዋሉ። ሐኪም ቤት በከተማ ተቀምጦ ዓይነ ስውሩ በገጠር ከሆነ፥ ሁለቱ አይገናኙም። ስለዚህ ረዳቶቻቸውን አስከትለው ወደ ገጠር እየወጡ፥ ሕዝቡን ባለበት ስፍራ ሰብስበው መመርመርና ማከም ጀመሩ። ለዚህና ለመሰለው አገልግሎታቸው በ1973 ዓ.ም. የሕንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን የክብር ሽልማት ሰጣቸው።

ዐሥራ አንድ አልጋ

በ1976 ዓ.ም. በሕጉ መሠረት የጡረታ ጊዜያቸው ደረሰ። ሚስት አላገቡም፤ ልጅም አልነበራቸውም። ዕረፍት ይገባቸው ነበር። እሳቸው ግን ወንድሞቻቸውንና እኅቶቻቸውን ከነባለቤቶቻቸው አሰባስበው በማዱራይ ከተማ በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ 11 አልጋ ያለው የዓይን ሐኪም ቤት ከፈቱ። ሃይማኖታቸው ከእኛ የተለየ ነበረና፥ ስሙን በአገራቸው በታወቁት መንፈሳዊ ጸሓፊ በኦሮቢንዶ ስም «አራቪንድ» አሉት። ለሥራው ማስፋፊያ ገንዘብ ባስፈለገ ጊዜ ቤተሰቡ ቤቱን በዋስትና አስያዘ፤ የሴቶቹ ጌጣ ጌጥም ሳይቀር ለመያዣ ሄደ። የሐኪም ቤቱ ሕግ ከመጀመሪያው ጀምሮ ግልጽ ነበር፤ መክፈል የሚችል ይከፍላል፥ የማይችል ሳይከፍል ይታከማል፤ ሁለቱንም የሚሠራቸው ሐኪም ግን አንድ ዓይነት ነው።

«ታዲያ እንዲህ ያለ ቤት እንዴት ሳይዘጋ ኖረ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ምስጢሩ በሥራው ሥርዓት ላይ ነው። በቀዶ ሕክምናው ክፍል ሁለት አልጋዎች ጎን ለጎን ይዘረጋሉ። ሐኪሙ አንደኛውን ሰው በሚሠራበት ጊዜ ነርሶች ሁለተኛውን አዘጋጅተው ይቈያሉ፤ ሐኪሙም የመጀመሪያውን ሲፈጽም ወደ ሁለተኛው ይዞራል። ከገጠር መንደሮች ተመልምለው የሠለጠኑ ልጃገረዶች ዐይን መለካትን፥ በሽተኛን ማዘጋጀትንና ማጽናናትን ሙያቸው አድርገው ይዘውታል። በዚህ ዓይነት ሐኪሙ ጊዜውን የሚያውለው እሱ ብቻ ሊሠራው በሚችለው ሥራ ላይ ነው። በአራቪንድ አንድ ሐኪም በዓመት ኹለት ሺህ ያህል ዓይኖችን ይሠራል። ብዙ መሥራት ደግሞ እጅን ያሠለጥናል፤ ወጪውንም ይቀንሳል፤ ከሚከፍሉት የሚገኘው ትርፍ ለማይከፍሉት ይተርፋል።

በነጻ ማከም ብቻውን እንደማይበቃም ተማሩ። ብዙ ድኾች «በነጻ ነው» ተብለው ተጠርተው ሳለ አልመጡም ነበር። ምክንያቱ ሲመረመር፥ ለአውቶቡስ የሚከፍሉት፥ በመንገድ የሚበሉት፥ የሚመራቸውም ሰው በማጣታቸው፥ ደግሞም ስለቱን በመፍራታቸው መሆኑ ታወቀ። ስለዚህ መጓጓዣውንና ምግቡን ሐኪም ቤቱ ራሱ ቻለው፤ የአንድ መንደር ሰዎችም እየተጽናኑ አብረው እንዲመጡና አብረው እንዲመለሱ አደረገ።

ሰው ሠራሹ ሌንስ ከውጭ አገር ሲመጣ ዋጋው መቶ የአሜሪካ ዶላር ያህል ስለ ነበረ ለድኻ የማይደረስበት ነበር። በ1992 ዓ.ም. አራቪንድ ኦሮላብ የተባለውን የራሱን ፋብሪካ አቋቁሞ ሌንሱን መሥራት ጀመረ፤ ዋጋውም ወደ ዐሥር ዶላርና ከዚያ በታች ወረደ። ሌንሶቹ ዛሬ ወደ ብዙ አገሮች ይላካሉ። ዶክተር ቬንካታስዋሚ በሐምሌ 7 ቀን 2006 ዓ.ም. በ87 ዓመታቸው ዐረፉ። በዐሥራ አንድ አልጋ የተጀመረው ቤት ግን ዛሬ በብዙ ከተሞች ሐኪም ቤቶች ያሉትና በዓመት በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ዓይኖችን የሚሠራ ሆኗል፤ ከሌሎች አገሮች የሚመጡ ሐኪሞችም ሙያውን ይማሩበታል።

ሐኪሙን ምን እንጠይቀው?

ከዚህ ታሪክ የምንማረው የሐኪም ሙያ ከሦስት ነገሮች የሚገነባ መሆኑን ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ ይህም በምስክር ወረቀት ይታወቃል። ሁለተኛው ልምምድ ነው፤ ይህም በሠራቸው ዓይኖች ብዛትና ውጤት ይታወቃል። ሦስተኛው ጠባይ ነው፤ ይህ በወረቀት አይጻፍም፤ ድኻውንና ሀብታሙን በአንድ እጅ መሥራቱ፥ የማያውቀውን አላውቅም ማለቱ፥ ለሚጠይቀው በሽተኛም ታግሦ መመለሱ ያስታውቀዋል። የዶክተር ቬንካታስዋሚ ጣቶች ለብቻቸው ቢታዩ ማንም ዓይኑን አይሰጣቸውም ነበር። ያመኗቸው ሰዎች ያመኑት ጣቶቹን ሳይሆን፥ ጣቶቹን የገራቸውን የብዙ ዓመት ትጋት ነው።

ስለዚህ በቤቱ ሞራ የያዘው ሰው ያለ ቤተሰብ ሁሉ ፍርሃቱን ወደ ጥያቄ ይለውጠው። ለሐኪሙም በትሕትና ይህን ሊጠይቀው ይችላል። የዓይን ሕክምና ለብቻው የተማረው የት ነው? እንዲህ ያለውን ሞራ ስንት ጊዜ ሠርቷል? ከሠራቸውስ ስንቶቹ ደኅና ያያሉ? ሌንስ ይገባልን? ያላሰቡት ነገር ቢደርስ ማን ይከታተላል? ከሥራው በኋላ በቤት ውስጥ ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል? ሙያውን የሚያውቅ ሐኪም በእነዚህ ጥያቄዎች አይቈጣም። ደግሞ መታወቅ ያለበት፥ የዓይን መፍዘዝ ሁሉ ሞራ አይደለም፤ በቀዶ ሕክምና የማይመለስም አለ። ይህን ለይቶ የሚያውቀው የመረመረው ሐኪም ብቻ ስለ ሆነ፥ «እርጅና ነው» ብሎ መፍረድ የቤተሰብ ሥልጣን አይደለም። እኛ በየኔታችን ላይ የፈረድነው ይህን ፍርድ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለማተሚያ ቤት ከመስጠታችን አስቀድሞ ቅጂውን ለዚያ ተማሪ ሰጥተነው፥ ማታ ለአያቱ እንዲያነብላቸው ነገርነው። በማግሥቱ «ምን አሉ?» ብለን ብንጠይቀው፥ እንዲህ ሲል መለሰልን፤

«ስለ ሐኪሙ ጣቶች የሚናገረውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዝም አሉ። በመጨረሻ እናቴን ጠርተው፥ ነጠላዬን እጠቢልኝ፤ ሰኞ እንሄዳለን አሏት። ሐኪሙን ግን እኔው ራሴ እጠይቀዋለሁ ብለዋል።»

እኛም፥ ይጠይቁት፤ መጠየቃቸው መልካም ነው አልነው።